የስልኩ ጉርሻ የማን ነው?

ከወረታ ወደ ጎንደር የሚያልፍ የጭነት መኪና ሾፌር ይፋግ ላይ ምሳውን በልቶ ሒሳቡን በቴሌብር ቢከፍል ዛሬ የሚገረም የለም። አገልግሎቱ በ2013 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ ግብይት በዲጂታል ክፍያ እንዲሆን ታዘዘ። ከዚያ ወዲህ የመንገደኛው ገንዘብ ከኪሱ ወጥቶ ስልኩ ውስጥ ቢገባ የሚጠበቅ ነው።

እንበልና ምግቡ 340 ብር ነው። ሾፌሩ 400 ብር ይልክና «ስልሳው የልጅቷ ነው» ብሎ ይወጣል። አራት መቶው የገባው ግን ባለቤቱ ሒሳብ ውስጥ ነው። ስልሳው ብር ከዚያ በኋላ የማን ነው?

ይፋግ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት የውጭ ተጓዦች በጽሑፋቸው የጠቀሱት የቆየ ገበያ ነው። በአሞሌ ጨው በሚገበያዩበት ዘመን እጅ የገባ ነገር ባለቤቱ አያከራክርም ነበር። በስልክ የተላከ ጉርሻ ግን እጅ አይገባም፤ አስተናጋጇ የምታየው ባለቤቱ ሲያሳያት ብቻ ነው።

ባለቤቶችም የሚሉት አላቸው። ወጡን የሠራችውስ? ሳህን አጣቢውስ? እውነት ነው፤ በጋራ ሰብስቦ መከፋፈል ፍትሐዊ ነው። ችግሩ ከጋራው ሣጥን ላይ የተሰበረ ብርጭቆ ሲቀነስ፣ ቀጥሎም የወሩ ደመወዝ ከዚያው ሲከፈል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያን ከደመወዝ አይቆጥርም። በደረሰኝ ላይ የሚደመረው ክፍያ ደመወዝ ካልሆነ፣ ደንበኛው በፈቃዱ የጨመረው ስልሳ ብር እንዴት ደመወዝ ይሆናል? እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡትና ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በሚሠራው ሕግ ነገሩን ቆርጠውታል፤ አሠሪው ጉርሻውን ሳይቀንስ ለሠራተኞች ያከፋፍላል፤ ቢዘገይ እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ ነው።

ለአስተናጋጇ ማዘን የማይሆንለት ባለሀብት ለራሱ ያስብ። በቀን ሃያ ጠረጴዛ ስልሳ ስልሳ ብር ቢተው 1,200 ብር ነው፤ በወር 36,000፣ በዓመት 432,000 ብር። ይህ ሁሉ በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ያልታተመ፣ ባንክ ውስጥ ግን የሚታይ ገንዘብ ነው። የገቢዎች ኦዲተር ሲመጣ የሚያነበው የሒሳብ መግለጫውን እንጂ የሾፌሩን ልብ አይደለም። «ያልተመዘገበ ሽያጭ ነው» ቢል፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱን 15 ከመቶና ቅጣቱን ይዞ ቢመጣ፣ ባለቤቱ ምን ያሳያል?

አስተናጋጇ የራሷን ቁጥር ጠረጴዛ ላይ ብታኖር የሚሉ አሉ። ለኔ አይጥመኝም፤ ወጥ ቤቱን ባዶ እጁን ያስቀራል፣ ዋናው ሒሳብም ተሳስቶ ወደዚያ ሊሄድ ይችላል። የሚሻለው ደብተር ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ 340 ብሩን በደረሰኝ ትቆርጣለች፤ ስልሳውን በደብተር ትጽፋለች፤ ማታ ሲዘጋ ድርሻው በጥሬ ገንዘብ ተከፍሎ እያንዳንዱ ሠራተኛ ይፈርማል። ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋና የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

ደላሎችም በዚህ መንገድ ላይ የሚሸጥ ምግብ ቤት ለገዢ ስታሳዩ ከንግድ ፈቃዱና ከኪራይ ውሉ ጋር ይህን ደብተር ጠይቁ። ከሌለ፣ በስልክ የገባው ገንዘብ ሁሉ የቤቱ ገበያ ነው ተብሎ ዋጋው ላይ ተጨምሮ ሊሆን ይችላል።