ሃያ ቀን በአክስቴ ቤት

በዚህ ገጽ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ግን በራሴ ላይ የደረሰውን ላጫውታችሁ አሰብሁ፤ ይኸውም ከሁለት ዓመት በፊት በክረምት፥ መብራትና ቧንቧ ከማይገኝበት ከመንዝ ገጠር ከቤተ ሰቤ ጋራ ሃያ ቀን የተቀመጥሁበት ነው።

የሄድሁበት ምክንያት ሁለት ነበር። አንደኛው፥ የአባቴ እኅት የሆኑት አክስቴ ሰባ ዓመት አልፏቸው ከአንዲት የልጅ ልጃቸው ጋራ ብቻ ስለሚኖሩ፥ ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡልኝ ለመለመን ነው። ሁለተኛውን ለመናገር ጥቂት አፍራለሁ። ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ የተባለው አሜሪካዊ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1845 ዓመት ከዋልደን ኩሬ ዳር በገዛ እጁ ጎጆ ሠርቶ፥ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር እንደ ኖረ በወጣትነቴ አንብቤ ነበርና፥ እኔም አንድ ቀን ከስልክና ከመዝገብ ርቄ እንደ እርሱ ለመኖር እመኝ ነበር። ቶሮ በየአንድ በየሁለት ቀኑ ከጫካው እየወጣ ወደ ኮንኮርድ መንደር ይመላለስ እንደ ነበረ ራሱ ጽፎታል፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ይህን ስፍራ በችኮላ አልፌው ኖሯል።

ከጣርማ በር ተገንጥለን በጓሳ በኩል ወደ ማሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ሄደን፥ መኪናውን ትተን ሦስት ሰዓት ያህል በበቅሎና በእግር ተጓዝን። የአክስቴ ቤት ግድግዳው ድንጋይ፥ ክዳኑ የጓሳ ሣር ነው። ይህን ሣር የመንዝ ሰው ለብዙ መቶ ዓመት በሽማግሎቹ ስምምነት ለተወሰኑ ዓመታት እየከለለ፥ በደረሰም ጊዜ እየከፈተ በጋራ ሲያጭደው ኖሯል። የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ያን ሥርዐት ቢያናጋውም፥ ሣሩ እስከ ዛሬ ቤት ይከድናል፥ ገመድም ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ቀኖች ለእኔ የደስታ ነበሩ። ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን አነባለሁ፤ ከምድጃው ዳር ተቀምጬ ጭብጦ በቅቤ እበላለሁ፤ ሌሊት ከመንዝ በግ ጠጕር የተሠራ ባና ደርቤ እተኛለሁ። ከመኝታዬ በፊትም የአክስቴ የልጅ ልጅ፥ ዐሥራ ሦስት ዓመት የሆናት ልጅ፥ እንደ አገሩ ልማድ በሙቅ ውሃ እግሬን ታጥበኝ ነበር። «ኑሮ ማለት ይህ ነው» እያልሁ ለባለቤቴ ደጋግሜ ነገርኋት። ባለቤቴ ዝም አለች፤ እኔም ዝምታዋን እንደ ስምምነት ቈጠርሁት።

አንድ ማታ እሳቱን እኔ ካልዳፈንሁ ብዬ አክስቴን ተከራከርሁ። አመዱን አብዝቼበት ኖሮ ጧት ስንነሣ ረመጡ ጠፍቷል፤ ክብሪቱም በክረምቱ እርጥበት አልጫር አለ። ልጅቱ በዝናብ ወደ ጎረቤት ሄዳ እሳት ጭራ መጣች። አክስቴ ሳቁ፥ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ልጅቱ ግን እስከ ጕልበቷ በጭቃ ተለውሳ ነበር።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ይህችው ልጅ ከምንጭ ስትመለስ አዳልጧት እግሯ ወለም አለ። ባለቤቴ ጀሪካኑን አነሣች፤ እኔም አፍሬ ሌላውን ያዝሁ። በአገሩ ወንድ ውሃ ሲሸከም አይታይምና የጎረቤት ልጆች ከበስተኋላችን እየሳቁ ተከተሉን። ቁልቁለቱ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም፤ ሃያ ሊትር ውሃ በጀርባ አዝሎ አቀበቱን መውጣት ግን ከምገምተው ሁሉ በላይ ሆነብኝ። አራት ጊዜ ዐረፍሁ። ባለቤቴ ከእኔ አስቀድማ ደርሳ ሁለተኛውን ለመቅዳት ስትወርድ ከመንገድ ተገናኘን።

ያን ቀን ማታ ሒሳብ አሰብሁ። የጤና ዐዋቂዎች ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ ሃያ ሊትር ውሃ ያስፈልገዋል ይላሉ፤ ለስድስት ነፍስ ስድስት ጀሪካን ማለት ነው። ልጅቱን ብጠይቃት፥ እኛ ከመምጣታችን በፊት በቀን ሁለት ጊዜ ትወርድ እንደ ነበረ፥ ከመጣን ወዲህ ግን አምስት ጊዜ እንደ ሆነ ነገረችኝ። እግሬን ያጠበችበት ውሃ ከዚሁ ውስጥ ነበር።

የማገዶው ነገርም እንደዚሁ ነው። ያ አገር ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ስለ ሆነ፥ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚህም የተነሣ ባቄላው ሳይበስል ረጅም ሰዓት ይቈያል፥ ብዙ ኩበትም ይበላል። ኩበቱ በበጋ ተለቅሞና ደርቆ ለክረምት የተከማቸ ነው፤ የነደደውም ለገብሱ እርሻ ፍግ ሊሆን ይችል የነበረው ነው። እኔ ከምድጃው ዳር በጨዋታ የማመሸው የአክስቴን የነሐሴን ማገዶ በሐምሌ እየፈጀሁ ኖሯል። አክስቴ ስለ እንግዳ ክብር አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ይህን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት።

በዐሥራ አራተኛው ሌሊት አራት ዓመት የሆናት ልጃችን ትኵሳትና ሳል ያዛት። በዚያ ጨለማ ከኩራዝ በቀር የፊቷን መልክ የምናይበት ብርሃን አልነበረም። ስልኬ ከኮረብታው ጫፍ ካልሆነ በቀር አይሠራም፤ ወንዙም በዝናብ ሞልቶ ነበርና እስኪነጋ ጠበቅን። ትንፋሿን ስሰማ ያደርሁትን ሌሊት ለማንም አልመኝም። ጎሕ ሲቀድ ወንዙ ጐደለልን፤ በባና ጠቅልለን በበቅሎ ወደ ጤና ኬላ አደረስናት። የጤና ሠራተኛዪቱ ወጣት ሴት ናት። ሰዓቷን ይዛ የልጅቱን ትንፋሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቈጠረች፤ 46 ሆነ። በዚህ ዕድሜ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የሳምባ ምች ምልክት ነው ብላ የአምስት ቀን መድኃኒት ሰጠችን፤ ከምድጃው ጢስም እንድናርቃት አዘዘችን።

ስለ ጢስ ይህን ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በፈረንጅ በ2020 ዓመት በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት የሞተው ሰው 3.2 ሚሊዮን ያህል ሲሆን፥ ከዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ነበሩ። አክስቴ ግን ጢሱ የክዳኑን ሣር ከተባይ ይጠብቅልኛል ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። ዓይናቸው ሁልጊዜ እንባ ያዘለ መሆኑን ግን ለምን እንደ ሆነ ከዚያ ቀን በፊት ጠይቄ አላውቅም።

ልጃችን በሦስተኛው ቀን ትኵሳቷ ለቀቃት። ባለቤቴም ያን ጊዜ ዝምታዋን ተወች። «አንተ ዐሥር ቀን ዐረፍህ፤ ያቺ ልጅ ግን ዐሥር ቀን ሎሌህ ሆነች» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ወደ መመለሻችን ግድም አክስቴን በግልጽ ለመንኋቸው። «እቴቴ፥ ከእኛ ጋራ ይምጡ፤ እዚያ ውሃው ከቤት ውስጥ ነው» ብላቸው፥

«ሁልጊዜ ይመጣል?» አሉኝ።

«አንዳንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ስለዚህ በርሜል አለን።»

«በርሜሉንስ ማን ይሞላዋል?»

«የቤት ሠራተኛዪቱ።»

አክስቴ እንባ ያዘለ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳቁ። «እንግዲያማ ልጄ፥ እኔም ያለችኝ አለች» አሉኝ። ከዚህ በኋላ ነገሩን ደግሜ አላነሣሁትም።

ሌላ ነገር ግን ተስማማን። ቤታቸው በቆርቆሮ እንዲከደን ከቶ አልወደዱም፤ ብርዱን አይችልም፥ ዝናቡም ሲመታው ጸሎት አያሰማም ይላሉ። የጥጆቹ በረት ግን ቢከደን አልጠሉም። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው፤ በረቱ አራት ሜትር በአምስት ስለ ሆነ፥ ዐሥር ሚሊሜትር ከዘነበ፥ የሚባክነው ሳይቈጠር፥ 200 ሊትር ይወርዳል፤ አንድ በርሜል፥ ወይም ልጅቱ ዐሥር ጊዜ የምትወርድበት። በጥቅምት ቆርቆሮውን፥ አሸንዳውንና በርሜሉን እስከ ማሐል ሜዳ በመኪና፥ ከዚያም በበቅሎ አስጫንሁ። ጢሱ የሚወጣበትም ቀዳዳ ከምድጃው በላይ እንዲከፈት ለመንሁ፤ እርሱን ግን ለጊዜው እንቢ ብለውኛል።

ባለፈው ክረምት አክስቴ ከገበያ ስልክ አስደውለው በርሜሉ ሞልቶ እንደሚፈስስ ነገሩኝ። ልጅቱም ከሰኞ እስከ ዓርብ ጧት ጧት ለመጠጥ የሚሆነውን ብቻ አንድ ጊዜ ቀድታ በሰዓቷ ትምህርት ቤት ትደርሳለች፤ አምስተኛ ክፍል ሆናለች። በጥር ስጠይቃቸው ግን በርሜሉ ባዶ ነበር፤ ልጅቱም ወደ ምንጩ ወርዳለችና ስትመለስ ደውልላት አሉኝ።