ከጨዋታው በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት

ስልኩ ላይ ቼዝ የሚጫወት ወጣት በዝቷል። ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ካፌ ውስጥ፣ ማታ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ከማያውቀው ሰው ጋር የሦስት ደቂቃ ጨዋታ ይገጥማል፤ ሲሸነፍ ቁጭቱ ሳይበርድ ሌላ ይጀምራል። ይህን ሳይ ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ ቀጥሎ የሚሆነው ነው። ልጁ የተጫወተው ጨዋታ በሺህ ይቆጠራል፤ ሬቲንጉ (የችሎታ ነጥቡ) ግን አምና ከነበረበት ፈቅ አላለም። በመጨረሻም «እኔ ለቼዝ አልተፈጠርኩም» ብሎ ይተወዋል። ይህን ድምዳሜ አልቀበልም። ያ ወጣት የተጫወተው ብዙ፣ ያጠናው ግን ጥቂት ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ተመራማሪው ኒል ቻርነስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት የቼዝ ተጫዋቾችን የዓመታት ልምምድ መርምረው ነበር። ከችሎታ ጋር በጣም ተያይዞ ያገኙት የውድድሩን ብዛት ሳይሆን ለብቻ ተቀምጦ የሚደረገውን ጥናት ነው። ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪዎቹ ዊሊያም ቼስና ኸርበርት ሳይመን ባደረጉት ሙከራ ደግሞ፣ አንድ ማስተር ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደን አሰላለፍ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ አይቶ አብዛኛውን መልሶ መደርደር ችሏል። ጠጠሮቹ እንዲሁ በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን ብልጫው ጠፋ። የማስተሩ ዓይን የሚያየው አብረው ትርጉም የሚሰጡ ጠጠሮችን ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ዓይን ደግሞ የሚገኘው ቆም ብሎ በማየት ነው።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ጀማሪዎችን ደጋግሞ የሚጥል፣ «የተጠበሰ ጉበት» የሚባል፣ ከ400 ዓመት በፊት ጀምሮ የሚታወቅ ጥቃት አለ። ሁለቱም ተጫዋቾች ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ሁለት እርምጃ ይገፋሉ፤ አንዳንድ ፈረስ ያወጣሉ። ነጩ ቢሾፑን ሲ4 በሚባለው ካሬ ላይ ያቆማል። ጥቁሩ ሁለተኛ ፈረሱን ሲያወጣ ነጩ የራሱን ፈረስ ጂ5 ላይ ያደርሰዋል። አሁን ቢሾፑም ፈረሱም ኤፍ7 ላይ ባለው ወታደር ላይ አነጣጥረዋል፤ ያን ወታደር የሚጠብቀው ደግሞ ንጉሡ ብቻ ነው። ጥቁሩ የቢሾፑን መስመር ለመዝጋት ወታደር ዲ5 ላይ ይገፋል፤ ነጩ በወታደሩ ይበላዋል። ጥቁሩ ብዙም ሳያስብ በፈረሱ መልሶ ይበላል። የተበላን መልሶ መብላት ምን ክፋት አለው? ነጩ ግን ፈረሱን ኤፍ7 ላይ ይሠዋል። ንጉሡ ሲበላው ንግሥቲቱ ኤፍ3 ላይ ወጥታ ቼክ ትላለች፤ በዚያው እርምጃ ዲ5 ላይ ያለውን ፈረስ ከቢሾፑ ጋር ሆና ታጠቃዋለች። ፈረሱን ላለማጣት ንጉሡ ራሱ ወደ ሰሌዳው መሐል፣ ኢ6 ላይ መውጣት ግድ ይሆንበታል።

ተሸናፊው የግምገማውን ቁልፍ ሲጫን ማሽኑ፣ ማለትም የስልኩ የቼዝ ፕሮግራም፣ በሰከንድ ውስጥ ይፈርዳል፦ በፈረሱ መልሶ መብላቱ ስህተት ነበር፤ ሌላኛውን ፈረስ ኤ5 ላይ አውጥቶ ቢሾፑን ማጥቃት ይሻል ነበር። ፍርዱ ትክክል ነው። ልጁም «ገባኝ» ብሎ ይዘጋዋል። የገባው ነገር ግን የለም፤ ያደረገው ተማሪ የሒሳብ መልስ ከመጽሐፉ ጀርባ እንደሚገለብጠው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ያው ጥቃት ቅደም ተከተሉን ትንሽ ቀይሮ ሲመጣበት እንደገና ይወድቃል። ማሽኑን ሳይከፍት በፊት ራሱን ቢጠይቅስ? ያ ፈረስ ጂ5 ላይ የመጣው ምን ሊያደርግ ነበር? መልሼ ከመብላቴ በፊት ተቃዋሚዬ ምን ምን ቼክ እንዳለው ቆጥሬያለሁ? እነዚህን ጥያቄዎች የመለሰ ሰው ያገኘው ለአንድ ጨዋታ ብቻ የሚሆን መልስ አይደለም፤ ገና ላልተጫወታቸው ጨዋታዎችም ይሆነዋል።

እ.ኤ.አ. በ1948 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሚካይል ቦትቪኒክ ተማሪዎቹ የራሳቸውን ጨዋታ ራሳቸው ተንትነው እንዲያቀርቡ ይጠይቅ ነበር። በኋላ እነሱም የዓለም ሻምፒዮን የሆኑት ካርፖቭ፣ ካስፓሮቭና ክራምኒክ በእሱ ትምህርት ቤት አልፈዋል። ትንታኔውን ለሌሎች ማሳየት ያስፈለገበት ምክንያትም ግልጽ ነበር፤ ሰው የሚያየው ነገር ላይ ሰው ይጠነቀቃል፣ ስህተቱንም ሌላው ያርምለታል። ዛሬ ካስፓሮቭን የሚያሸንፍ ፕሮግራም ስልክ ላይ መጫን ይቻላል፤ ስቶክፊሽ የሚባለው በነፃ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ያለው ሊቼስ የተባለ የቼዝ ድረ ገጽ ጨዋታውን፣ እንቆቅልሹንና ትንተናውን ያለ ክፍያና ያለ ማስታወቂያ ያቀርባል። በውጭ አገር ካርድ መክፈል ለማይችል የእኛ አገር ወጣት ይህ ትልቅ ነገር ነው። መሣሪያው ሞልቷል ማለት ነው። የሚቀረው ማሽኑ ከመናገሩ በፊት የራስን ሐሳብ በራስ ቃል መጻፍ ነው፤ የት ጋ እንደተጨነቅን፣ ምን እንደፈራን፣ የትኛው እርምጃ እንዳሳሳተን።

ለዚህ ግን የሚታሰብበት ጨዋታ ያስፈልጋል። በሦስት ደቂቃ ጨዋታ ውስጥ ሰው የሚጠቀመው የለመደውን ነው፤ አዲስ ነገር ለማሰብ ጊዜ የለውም። እኔ ብጠየቅ ከአሥር የሦስት ደቂቃ ጨዋታ አንድ የግማሽ ሰዓት ጨዋታ እመርጣለሁ፤ ከዚያ ሌላ ግማሽ ሰዓት ለግምገማው። እንቆቅልሽም እንዲሁ ነው፤ ገምቶ ከመንካት መስመሩን እስከ መጨረሻው በሐሳብ መጨረስ፣ የሳቱትንም ከሳምንት በኋላ መልሶ መሞከር። ሬቲንግን በየቀኑ ማየት ደግሞ ምንም አያስተምርም።

የስልኩ ቼዝ የወሰደብን አንድ ነገር አለ። በእንጨት ሰሌዳ ሲጫወቱ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሁለቱ ተጫዋቾች ጠጠሮቹን መልሰው ደርድረው «እዚህ ጋ ምን አስበህ ነበር?» ይባባላሉ። አሸናፊው የፈራውን ይናገራል፤ ተሸናፊው ያላየውን ያያል። በስልክ ግን ተቃዋሚያችን ጨዋታው ባለቀበት ቅጽበት ይጠፋል፤ ስሙን እንኳ አናውቀውም። ይህን አብሮ የመገምገም ልማድ መልሰን ማምጣት የምንችለው እኛው ነን። ሊቼስ ላይ ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ሰሌዳ አብሮ የሚያጠናበት ክፍል አለ፤ ቴሌግራም ደግሞ ሁላችንም እጅ ላይ ነው። በዚህ ሳምንት ከተሸነፋችሁባቸው ጨዋታዎች በጣም ያንገበገባችሁን አንዱን ምረጡ። ማሽኑን ሳትከፍቱ ተንትኑት፤ ለአንድ ጓደኛችሁም ልካችሁ የት እንደተሳሳታችሁ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። አዲስ ጨዋታ የምትጀምሩት ከዚያ በኋላ ይሁን።