ጊታርን ቤዝ የሚያደርገው ፔዳሉ ብቻ አይደለም
ቤዝ ተጫዋች የሌለው ባንድ ወፍራም ድምፅ ሲያሰማ ብዙዎች ምስጢሩን በፔዳሉ ዋጋ ይለኩታል። የዘ ዋይት ስትራይፕስ ባንድ «ሰቨን ኔሽን አርሚ» ዘፈን (2003 እ.ኤ.አ.) መግቢያ ላይ ቤዝ የሚመስለውን ዜማ የባንዱ ጊታሪስት ጃክ ዋይት የተጫወተው በጊታር ነው፤ ዋሚ የተባለው ፔዳል ድምፁን አንድ ኦክታቭ አወረደለት። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ዜማው በነጠላ ኖታ መሠራቱ ነው። እንደ ቦስ ኦሲ-2 ያሉ የቆዩ አናሎግ የኦክታቭ ፔዳሎች ከአንድ ኖታ በላይ መከተል አይችሉም፤ ሁለት ክር አብሮ ከተመታ ድምፁ ይንተባተባል። ኮርድ የሚችሉት እንደ ፖግ ያሉት ዲጂታሎች ናቸው። የቤዝ መስመር ብቻ ለሚፈልግ ሰው እኔ የቆየውን እመርጣለሁ፤ ለማይጫወቱት ኮርድ ምን ያስከፍላል? በእርግጥ የአንገት በኩሉን ፒክአፕ መርጦ፣ ቶኑን ቀንሶ፣ የቀሩትን ክሮች በእጅ አፍኖ መጫወት ግድ ይላል።

«ታዲያ ቤዝ ጊታር ለምን አይገዛም?» የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። የወፍራም ክር ንዝረትና የጣት ምት በፔዳል አይተካም፤ ስለዚህ ለስቱዲዮ ቀረጻ ቤዝ መዋስ ይሻላል። መድረክ ላይ ግን በአንድ ዘፈን መሃል ከጊታር ወደ ቤዝ በእግር መሻገር የሚያስችለው ፔዳሉ ነው። ያኔም ቢሆን የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ኸርዝ ገደማ፣ የቤዙ 41 ነው፤ የጊታር አምፕሊፋየር ስፒከር ለዚህ ዝቅታ አልተሠራም። ገንዘብ የሚያጥረው ሰው ርካሽ ፔዳል ገዝቶ የተረፈውን ለቤዝ አምፕሊፋየር ያውለው።