«ለምርምር ብቻ»

ባለፈው ሰሞን በሳይንስ ፋኩልቲ የሚማር ወዳጄን ልጠይቅ ብሄድ ከማቀዝቀዣ ውስጥ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አውጥቶ አሳየኝ። በውስጧ ያለው ጥቂት ጠብታ ነው። በላይዋ በእንግሊዝኛ «ለምርምር ብቻ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባታል። «ይህች ምንድን ናት?» ብለው «ምስክራችን ናት» አለኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ይህች መልስ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ቲ ሴል የሚባሉ፣ በሽታን የሚዋጉ ወታደሮች አሉ። ወታደር ያለ ልጓም ቢለቀቅ የገዛ አገሩን ያጠፋልና ተፈጥሮ ልጓም አበጅታላቸዋለች። ከልጓሞቹ አንዱ ፒዲ-ኤል-1 የተባለው ፕሮቲን ነው። ይኸውም በሴል ገጽ ላይ ሆኖ በቲ ሴሉ ላይ ያለውን ፒዲ-1 ሲይዝ «ተው፣ ወገን ነኝ» እንደ ማለት ነው። ነቀርሳም ይህንኑ ቃል ተምሮ ያመልጥበታል። ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ፒዲ-1ን ካስታወቁ በኋላ ልጓሙን የሚፈቱ መድኃኒቶች ተሠሩ። ሆንጆም ሌላውን ልጓም ካጠናው ከአሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ጋር በ2018 የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ።

ታዲያ ይህን ፕሮቲን በዓይን ማየት አይቻልም። አንቲቦዲ የተባለው፣ ብልቃጧ የያዘችው ነገር፣ ፈልጎ ይጣበቅበትና በቀለም ያመለክተዋል። ተመራማሪውም በማይክሮስኮፕ ቀለሙን አይቶ «ፕሮቲኑ እዚህ አለ» ብሎ ይጽፋል። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ምስክሩን ማን መረመረው?

ጥያቄው የከንቱ አይደለም። በአንዳንድ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ከነቀርሳው ሴሎች 50 በመቶው ቀለም መያዙ መድኃኒቱን ለብቻው ለመስጠት መለኪያ ሆኗል። በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ግን በ39 የሳንባ ነቀርሳ ናሙናዎች ላይ አራት መመርመሪያዎችን ቢያነጻጽር፣ ሦስቱ ተቀራራቢ ቃል ሲሰጡ ኤስፒ142 የተባለው ያቀለመው የነቀርሳ ሴል ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ። እነዚህ እንኳ ለሕክምና ተብለው የተፈተሹ ናቸው። ለምርምር የሚሸጡትስ? በ2023 የታተመ ሌላ ጥናት ለ65 ፕሮቲኖች የተሠሩ 614 አንቲቦዲዎችን ፈትኖ፣ ለእያንዳንዱ ፕሮቲን በአማካይ 12 ያህል የታተሙ ጽሑፎች የተባለውን ፕሮቲን በማያውቅ አንቲቦዲ እንደ ተሠሩ አሳየ።

«ለምርምር ብቻ» ማለት በሽተኛ አይመረመርበት ማለት ነው፤ ይህም ትክክል ነው። ነገር ግን ቃሉ ውሎ አድሮ «ማንም አይጠይቅበት» ወደ ማለት የተለወጠ ይመስለኛል። የነገው መድኃኒት የሚጀምረው ከዛሬው ምርምር አይደለምን?

በአባቶቻችን ዘመን ሌባ ሲፈለግ መድኃኒት የጠጣ ልጅ በገመድ ተይዞ ይለቀቅና፣ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ዕዳ ከፋይ ይሆን ነበር። የሌባሻይ ክፋቱ ልጁ መሳቱን የሚያሳውቅ መንገድ አለመኖሩ ነው። ለአንቲቦዲ ግን መንገዱ አለ። ፕሮቲኑ ያለበትን ሴልና የፕሮቲኑ ጂን የተወገደበትን ሴል ጎን ለጎን ማቅረብ ነው። በሁለተኛውም ላይ ቀለሙ ከታየ፣ ምስክሩ የሌለውን ሰው አየሁ ብሏልና ቃሉ ይጣል።

«እኛ ድሆች ነን፣ ለፈተና የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚሉ አሉ። እኔ ግን የሚፈተነው በድህነታችን ምክንያት ነው እላለሁ። ሀብታም ላቦራቶሪ በሐሰተኛ ብልቃጥ አንድ ዓመት ቢያጠፋ ሌላ ይገዛል፤ የእኛ ተማሪ ግን የመመረቂያ ጽሑፉን ከነዓመቱ ይከስራል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ የሳይንስ ተማሪዎች፣ በየመመረቂያ ጽሑፋችሁ የአንቲቦዲውን የካታሎግ ቁጥርና የተፈተነበትን መንገድ ጻፉ፤ መምህሮቻችሁም እንዲጠይቋችሁ ጠይቋቸው። የፈተናውን ሴል አንድ ክፍል ብቻውን መግዛት ባይችል፣ ክፍሎች ተባብረው አንዱ የፈተነውን ሌላው ይጠቀምበት። እኛም የአርትስ ተማሪዎች «የኛ ጉዳይ አይደለም» አንበል። ምስክርን ሳይመረምሩ አለማመን በሕግም፣ በታሪክም፣ በሳይንስም አንድ ሥራ ነው።