ነፋስ መውጫ ላይ ጭስ መውጫ ያጣው ማድ ቤት

የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ስሟ ነፋስ መውጫ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ ስሟን የሚያስመሰክር ንፋስ አይለያትም። ወደ አዳዲሶቹ ቤቶች ጓሮ ዞር ያለ ሰው ግን ንፋስ በሞላበት ከተማ ጭስ መውጫ አጥቶ ያገኘዋል። ከፊት ሴራሚክ የለበሰ በረንዳ፣ ባለ ቀለም የብረት በር፣ ጂፕሰም ኮርኒስ ያለው ሳሎን አለ። ከኋላ ደግሞ ከግንባታ በተረፈ ቆርቆሮ የተቀጠለች፣ መስኮት የሌላት፣ ጥላሸት የለበሰች ጥግ አለች። ያቺ ጥግ ማድ ቤት ትባላለች።

በታች ጋይንት አርብ ገበያ፣ በስማዳ ወገዳ፣ በእስቴ መካነ ኢየሱስም ነገሩ ብዙ አይለይም። ቤት ሲታቀድ መጀመሪያ ሳሎኑ ይለካል፣ ቀጥሎ መኝታ ቤቱ። ማድ ቤቱ ገንዘብ ካለቀ በኋላ "እሱ ይደርሳል" ተብሎ የሚታለፍ ነገር ነው። አበው "የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ" የሚሉት ለሰው ነበር፤ ዛሬ ለቤትም ሠርቷል። ለእንግዳ አልጋ፣ ለእናት ቀጋ የሆነ ቤት እየተገነባ ነው።

ሳሎኑ በዓመት ስንት ቀን ይሠራል? ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ እንግዳ ሲመጣ። ማድ ቤቱስ? በየቀኑ፣ ጎሕ ሳይቀድ ጀምሮ እስከ እራት። እንጀራው፣ ወጡ፣ ቡናው፣ ጠላው፣ የበርበሬው ድለዛ፣ የእህሉ ለቀማ፣ ልብስ ማጠቡ ሁሉ እዚያ ነው። ብዙ የሚሠራበትን ክፍል ትቶ ጥቂት ለሚሠራበት ገንዘብ ማፍሰስ ስሙ እድገት ሳይሆን ይሉኝታ ነው።

ጉዳዩ የውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ በታለፈ። ነገሩ የሳንባ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳሰላው በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። እናት ልጇን አዝላ ስትጋግር ጭሱን የምትስበው ለብቻዋ አይደለም።

"እናቶቻችንም እንዲሁ ኖረዋል" የሚል አይጠፋም። አልኖሩም። የድሮው ጎጆ ጣሪያው ሣር ነበር፤ ጭሱ በሣሩ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል፣ ሲወጣም ምስጡን ያባርር ነበር። ቆርቆሮ ጭስ አያሳልፍም። ጣሪያው ሲቀየር ጭስ መውጫውም አብሮ መታሰብ ነበረበት፤ ሳይታሰብ ቀረ። በደጋው ብርድ ደግሞ ያለውም ቀዳዳ በጨርቅና በጆንያ ይደፈናል። ባሕል ነው የሚባለው ነገር የአናጢና የግንበኛ ስህተት ሆኖ ተገኝቷል።

መንግሥት ይህን ጉዳይ ፈጽሞ አልነካውም ማለትም አይቻልም። በ1990ዎቹ ማብቂያ በአዲስ አበባ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለከብት ማረጃ የሚሆኑ የጋራ ሕንፃዎችን አካቶ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ግን አራተኛ ፎቅ የምትኖር ሴት ቡሃቃዋን ተሸክማ ደረጃ እንድትወርድ ይጠይቃል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የሥራ ክፍል ከሠራተኛዋ እጅ ከራቀ ባዶውን ይቀራል።

ታዲያ ደህና የሥራ ክፍል ምን ይመስላል? ቅንጦት የለበትም። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ይበቃል። መጀመሪያ ንፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ይታይና ማድ ቤቱ ጭሱን ወደ መኝታ ቤት በማይመልስበት በኩል ይቀመጥ። ምድጃው ከመሬት ከፍ ይበል፤ የጋጋሪዋ ወገብ ይተርፋል፣ የሚድኸው ሕፃንም እሳት ውስጥ አይወድቅም። ከምድጃው በላይ ከጣሪያው ጫፍ አልፎ የሚወጣ ቱቦ ይኑር። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶች ይኑሩ፤ አንዱ አየር ያስገባል፣ ሌላው ያስወጣል።

ቀጥሎ እሳት፣ ውሃና እህል ይለያዩ። ማጠቢያው በአንድ ጥግ ይሁን፣ ወለሉ ወደ ፍሳሽ ያዘንብል። እንጨትና ኩበት የራሳቸው በር ያላት ትንሽ ክፍል ይሰጣቸው። እህሉ ከግድግዳ አንድ ክንድ ርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ። ይህ በተለይ ለስማዳና ለታች ጋይንት ቆላ ወሳኝ ነው፤ በሙቀት ነቀዝ ፈጥኖ ይራባል። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ያለ ምንም መድኃኒት ነቀዝን አፍኖ ይገድላል።

መብራት ለደረሰው ቤትም ማሰብ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፒር ነው። ይህን ከአምፖል መስመር ላይ መቀጠል እሳት መጥራት ነው። የራሱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ማቋረጫ ይገባዋል፤ ግድግዳው ሳይለሰን ቢታቀድ ወጪው ትንሽ ነው፣ ከተለሰነ በኋላ ግን ግድግዳ ማፍረስ ነው። መብራት ለሌለው ወይም ለሚጠፋበት ደግሞ ከአሸዋና ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" ይባላል። እውነት ነው፣ ለፖለቲካውም ሠርቷል። ጉልቻው ራሱ ቢቀር ግን ዓይን ይድናል።

አሁን የሚመጣው ጥያቄ ይታወቃል። "አገር በእሳት ላይ ሆኖ ስለ ማድ ቤት ይወራል ወይ?" አዎ፣ ይወራል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ስማቸው ከሴፍቲኔት ጋር ሲነሣ የኖረ ወረዳዎች ናቸው። መንገድ ሲዘጋ፣ ገበያ ሲቆም፣ ቤተሰብ የሚተማመነው በጓዳው ነው። ያልነቀዘ እህል፣ ያላለቀ ማገዶ፣ ያልታመመች እናት የክፉ ቀን ስንቅ ናቸው።

ሌላም የሚያም ነገር አለ። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ የሚቆሙት ባሕር ማዶ በሰው ቤት በሚሠሩ ሴት ልጆች ገንዘብ ነው። ልጅቱ ቤሩት ወይም ሪያድ በውሃ ቱቦና በጭስ መሳቢያ በተሟላ የሰው ማድ ቤት ውስጥ ቆማ ትውላለች። የላከችው ብር አገር ቤት ሲደርስ የብረት በርና የሴራሚክ በረንዳ ይሆናል፤ እናቷ በዚያው ጭስ ውስጥ ትቀራለች። የበሩ ዋጋ ምድጃና ቱቦ ለመሥራት ይበቃ ነበር። በሩ የተመረጠው ከመንገድ ስለሚታይ ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ፣ አውራ አምባ አለች። መሥራቿ ዙምራ ኑሩ የእስቴ ተወላጅ ነው። በዚያ መንደር ወንዱ ይጋግራል፣ ሴቷ ታርሳለች። "ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት" የሚለው አባባል ማጀቱን ለዘመናት ከእቅድ ውጭ አድርጎታል፤ ቤት የሚያቅደው ሰው ማጀት አይገባማ! ወንዱ ሁለት ሳምንት እንኳ በዚያ ጭስ ውስጥ ቢጋግር በሦስተኛው ሳምንት ቱቦ ይገዛ ነበር።

ስለዚህ የከተሞቹ ማዘጋጃ ቤቶች ማድ ቤት ያልተሳለበትን የመኖሪያ ቤት ፕላን አይፈርሙ። ፕላን የሚሠሩ ባለሙያዎች እርሳስ ከማንሳታቸው በፊት ምጣዱ ላይ የምትቀመጠውን ሴት ይጠይቁ። ብር የሚልኩ ልጆችም "ምድጃው አለቀ ወይ?" ብለው ሳያረጋግጡ ለበር አይላኩ። ቤት የሚጀመረው ከበረንዳው አይደለም፤ ከምድጃው ነው።