ከዳንሰኞቹ ጀርባ የቆሙት ቤቶች የማን ነበሩ?

«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» የሚባለውን የአሜሪካኖች የዳንስና የዘፈን ፊልም ያላየ አንባቢ ቢኖር እንኳ ታሪኩን አላውቀውም አይበል። ያው ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱልን የሼክስፒር ሮሜዎና ዡልዬት ነው። የተጣሉ ሁለት ወገኖች፣ በመሃል የሚዋደዱ ሁለት ልጆች፣ መጨረሻው ለቅሶ። ልዩነቱ የጣሊያን መኳንንት ቀርተው በኒውዮርክ የድሃ ሰፈር ጎረምሶች መተካታቸው ነው። «ጄትስ» የሚባሉት ቀደም ብለው ከአውሮፓ የመጡ ነጭ ስደተኞች ልጆች ናቸው፤ «ሻርክስ» የሚባሉት ደግሞ ዘግየት ብለው ከፖርቶሪኮ ደሴት የመጡ። የሚገዳደሉት ለዘውድ ወይም ለርስት አይደለም፤ ለአንዲት መጫወቻ ሜዳና ለሁለት ሦስት መንገድ ነው።

እኔ የዚህ ፊልም በሽተኛ ነኝ። ስንት ጊዜ አየኸው ብባል መቁጠር ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ዘንድሮም ደግሜ አየሁት። ታዲያ ብዕር ያስነሳኝ ፊልሙ ጥሩ ነው ብዬ ለመስበክ አይደለም፤ ያንን የሚሠራ ሞልቷል። ዘንድሮ ዓይኔ አልታዘዝ ብሎኝ ከዳንሰኞቹ አልፎ ከኋላቸው ወደቆሙት ቤቶች ስለሄደብኝ ነው። (ስለ ፊልሙ የምጠቅሳቸው ዘመናት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።)

መጀመሪያ ግን ስለ ዳንሱ ጥቂት ልበል፤ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ፊልሙ ሲጀመር ካሜራው ሰማይ ላይ ነው። ከተማዋን ቁልቁል እያየ ያልፋል፤ ፎቆቹ የክብሪት ሳጥን መስለው ይታያሉ። ከዚያ ወደ አንዲት መጫወቻ ሜዳ ይወርዳል። ጎረምሶች አጥር ተደግፈው ጣታቸውን ያስጮሃሉ። ቀጥለው ይሄዳሉ፤ ዝም ብለው እንደማንኛውም ሰው በመንገድ ይሄዳሉ። አንዱ እርምጃውን ትንሽ ረዘም ያደርጋል፣ ሌላው ክንዱን ይዘረጋል... ይሄን ሁሉ ጊዜ ደጋግሜ አይቼው፣ መሄዳቸው አብቅቶ መደነሳቸው የጀመረበትን ቅጽበት እስከ ዛሬ መያዝ አልቻልኩም። ለብዙ ደቂቃ ንግግር የለም ማለት ይቻላል። ማን ማንን እንደሚጠላ፣ ማን ማንን እንደሚፈራ፣ ሜዳው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደገባ የሚነግሩን እግሮቻቸው ናቸው።

የመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ በነበረ ቪዲዮ ቤት ነው፤ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ። ካሴቱ ከመገልበጡ ብዛት ቀለሙ ደብዝዟል፤ አልፎ አልፎ ምስሉ ዘሎ ጣሪያ ይነካል። አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣበን የተቀመጥነው የሰፈር ልጆች የለመድነው ካራቴና የህንድ ፊልም ነበር። «ጋሼ፣ ይሄን ጭፈራ ያሳልፉልንና ድብድቡ ጋ ያድርሱን!» ብሎ የጮኸ ልጅ ነበር። ባለቤቱም «ድብድቡም ጭፈራ ነው፤ አርፈህ ተቀመጥ» አሉት። እውነታቸውን ነበር። ሁለቱ ቡድኖች በድልድዩ ሥር ሴንጢ ሲማዘዙ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እየጨፈሩ ይገዳደላሉ እንዴ? ተባለ። ሁለት ሬሳ መሬት ላይ ሲቀር ግን የሳቀ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ሰፈሩ ጣት በሚያስጮሁ ልጆች ተሞልቶ ሰነበተ።

ዳንሱን ያቀናበረው ጄሮም ሮቢንስ የሚባል ሰው ነው። ትያትሩ በ1957 በብሮድዌይ ሲዘጋጅ የሁለቱ ቡድን ተዋንያን በእረፍት ሰዓት እንኳ እንዳይቀላቀሉ ይከለክል ነበር፤ ጥላቻው እውነተኛ እንዲመስል። በፊልሙ ጊዜ ደግሞ ዳንሰኞቹን ከማስጨነቁ የተነሣ ጋራዥ ውስጥ ያለውን አስቸጋሪ ዳንስ ጨርሰው ሲወጡ የጉልበት መከላከያቸውን ሰብስበው ከቢሮው ደጃፍ አቃጥለውታል። ገንዘብና ጊዜ አባከነ ተብሎ ቀረጻው ሳያልቅ ቢባረርም፣ ፊልሙ 10 ኦስካር ሲያገኝ የዳይሬክተርነቱን ሽልማት ከሮበርት ዋይዝ ጋር ተካፍሏል።

ሌላም ገድል አለው። በ1953 በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የስምንት የሙያ ጓደኞቹን ስም «ኮሚኒስቶች ነበሩ» ብሎ ሰጥቷል። በእኛ ቋንቋ ጠቁሟል። የትያትሩ ደራሲ አርተር ሎረንትስ ራሱ ከጥቁር መዝገብ ገብቶ የነበረ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ይህንን እያወቀ ነው አብሮት የሠራው። የቀይ ሽብርን ዘመን ጠቋሚዎች ያየ ያገሬ ሰው ይህን ሲሰማ ደሙ ቢፈላ አልፈርድበትም። ዳንሱን እወዳለሁ፤ ሰውየውን ውደድ የሚለኝ ሕግ ግን የለም።

ወደ ቤቶቹ ልመለስ።

ያ የመክፈቻ ዳንስ በከፊል የተቀረጸው በስቱዲዮ አይደለም። በ1960 በጋ፣ በማንሃተን ምዕራብ በኩል፣ 68ኛው መንገድ ላይ ነው። (መጫወቻ ሜዳው ሌላ ቦታ፣ በስተምሥራቅ 110ኛው መንገድ ላይ ያለ ነው።) ካሜራ ይዘው ሲገቡ ሰፈሩ ባዶ ነበር። ለምን ባዶ ሆነ? ሊፈርስ ነዋ! ነዋሪዎቹ ተነሥተዋል፤ የማፍረሻው መኪና ተራውን እየጠበቀ ነው። ማፍረሱ ለፊልሙ ሲባል ጥቂት እንደዘገየም ይነገራል። ጎረምሶቹ «ይሄ የእኛ ክልል ነው፤ ድርሽ እንዳትሉ» እያሉ የሚፋለሙበት መንገድ፣ ካሜራው ሲዞር የማንም ክልል አልነበረም። ባለቤቱ ሌላ ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ በ1949 ባወጣችው የቤቶች ሕግ መሠረት፣ ከተሞች «የተጎሳቆለ» ያሉትን ሰፈር በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ እየገዙ፣ እያፈረሱ ለአልሚ መስጠት ቻሉ። በኒውዮርክ ይህን ሥራ የጨበጠው ሮበርት ሞዝስ የሚባል፣ ሕዝብ ሳይመርጠው ከብዙ ከንቲባዎች በላይ የገነነ ሰው ነበር። ሊንከን ስኩዌር የተባለው ፕሮጀክት የእሱ ነው። ሳን ሁዋን ሂል ይባል የነበረውን የጥቁሮችና የፖርቶሪኮዎች ሰፈር ጨምሮ ብዙ መንገድ ጠራርጎ፣ በቦታው ሊንከን ሴንተር የተባለውን የጥበብ ማዕከል፣ የፎርድሃም ዩኒቨርሲቲን ግቢና ረጃጅም የመኖሪያ ፎቆችን አስገነባ። ከ7,000 በላይ አባወራዎችና 800 ያህል ሱቆችና ድርጅቶች ተነሥተዋል። ታላቁ የጃዝ ፒያኒስት ቴሎኒየስ መንክ ያደገው በዚያው ሰፈር ነው። በ1959 የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል አፈሩን በአካፋ የገለበጡት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ናቸው። ፎቆቹ ሲያልቁስ? ኪራያቸው ከተነሡት የአብዛኛዎቹን አቅም የሚመጥን አልሆነም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመኝ። የፊልሙን ሙዚቃ የደረሰው ሌናርድ በርንስታይን የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ዋና መሪ ነበር። በመስከረም 1962፣ ፊልሙ ከወጣ ዓመት ሳይሞላው፣ የሊንከን ሴንተር የመጀመሪያው አዳራሽ ሲመረቅ በትሩን ይዞ መድረክ ላይ የወጣው እሱ ነው። በ1968 ደግሞ ራሱ «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» በዚያው በሊንከን ሴንተር ለተመልካች ቀረበ! ድሆቹ ከሰፈሩ ተነሡ፤ የድሆቹ ታሪክ በዘፈን ተሠርቶ፣ ትኬት ተቆርጦለት ወደ ሰፈሩ ተመለሰ። እነሱ ራሳቸው ለመመለስ ግን የትኬቱን ዋጋ መክፈል ነበረባቸው። በርንስታይንን ልከሰው አይደለም፤ ሰፈሩን ያፈረሰው እሱ አይደለም። ጥበበኛ አዳራሽ ይወዳል፤ አዳራሹ ከምን ላይ እንደቆመ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም።

ስማቸው የቀረ ሰዎች ፊልሙ ውስጥም አሉ። ማሪያን ሆና የምትታየው ናታሊ ውድ ናት፤ የምንሰማው ዘፈን ግን የማርኒ ኒክሰን ነው። ስሟ ፊልሙ ላይ አልተጻፈም፤ በኋላ በርንስታይን ከራሱ ድርሻ ጥቂት ቆርሶ ሰጥቷታል። ፊልሙ ሲያልቅ ደግሞ የሠሪዎቹ ስም የሚታየው እንደሌላው ፊልም በጥቁር መደብ ላይ አይደለም። በአሮጌ ግድግዳ፣ በበርና በመንገድ ምልክት ላይ፣ ልጆች በኖራ እንደሞነጫጨሩት ሆኖ ነው። ሶል ባስ የሚባል ሰው ሥራ ነው፤ ቆንጆ ሥራ ነው። ዘንድሮ ሳየው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። የዳይሬክተሩ ስም፣ የፕሮዲዩሰሩ ስም፣ የልብስ ሰፊው ስም በድሃ ሰፈር በር ላይ ተጽፏል። ከበሩ ጀርባ የኖረው ሰው ስም የለም።

ስቲቨን ስፒልበርግ በ2021 ፊልሙን እንደገና ሲሠራው ይህ የገባው ይመስለኛል። የእሱ ካሜራ የሚነሣው ከፍርስራሽ ላይ ነው። የማፍረሻው የብረት ኳስ ተንጠልጥሏል፤ ሊንከን ሴንተር እዚህ ሊሠራ መሆኑን የሚያበሥር ሰሌዳ ቆሟል። ሁለቱም ቡድኖች የሚጋደሉበት ሰፈር ከነገ ወዲያ የማንም አይደለም። ድሮ ፊልሙ የፀብ ታሪክ ነበር፤ አሁን ግን ከሥራቸው ምንጣፉ እየተጎተተ ሳለ ምንጣፉ ላይ ማን ይቁም ብለው የሚተራረዱ ልጆች ታሪክ ሆኗል። ሪታ ሞሪኖም አለች፤ በ1961ዱ ፊልም ፖርቶሪኳዊት ሆና ተወልዳ ሳለች «ፖርቶሪኳዊት እንድትመስይ» ተብላ ፊቷ የተቀባችው ሪታ። አዲሱ ፊልም አሜሪካ ውስጥ በወጣ ማግስት 90 ዓመት ሞላት። ዳንሱን ካላችሁኝ ግን የአሮጌውን የሚያህል የለም፤ በዚህ አልደራደርም።

አሁን ወደ እኛ ቤት። ቪዲዮ ቤቱ ዛሬ የለም። ቪዲዮ ማሳየቱ ቀድሞ ቀርቶ ነበር፤ ግድግዳው ግን ነበር። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያም ሄደ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ተከተለ። ዶሮ ማነቂያ ቤተ መንግሥት ነበር እያልኩ አይደለም። ጣሪያው የሚያፈስ፣ አንድ ሽንት ቤት ለስንት አባወራ የነበረበት ሰፈር ነው፤ ውስጡ ያልኖረ ሰው ነው የሚናፍቀው የሚለኝ ሰው ካለ ግማሽ እውነት አለው። ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው አሉ፤ ውኃና የራሳቸው ሽንት ቤት ያገኙ አሉ። መንገዱም ሰፍቷል፤ ማታ መብራቱ ያምራል።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 አካባቢውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ነዋሪው ሐሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። አንቀጽ 44 ደግሞ መንግሥት በሚያካሂደው ሥራ የተፈናቀለ ሰው ተመጣጣኝ ካሳ ይገባዋል ይላል። «መጠየቅ» ማለት ውሳኔውን ሰብስቦ መንገር አይደለም። ተመጣጣኝ ካሳስ በምን ይለካል? ደጃፏ ላይ እንጀራ ሸጣ የምታድር ሴት ካሳዋ የክፍሉ ስፋት ብቻ ነው? ደንበኞቿስ? ዱቤ የሚሰጣት ባለሱቅስ? ዕድሯስ? ከከተማ ዳር አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥታ ለማን ትሽጥ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ወዲያው «ፀረ ልማት» ይባላል። ሞዝስም ተቃዋሚዎቹን የእድገት እንቅፋት አድርጎ ነው የሚያያቸው፤ ቃሉ ከእነሱ ይሁን ከእኛ የመጣ እንጃ፣ ዜማው ግን አንድ ነው።

እነዚያስ ቢያንስ ሳያውቁት ፊልም ተርፏቸዋል። ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት ባለሙያዎች መጥተው፣ በምርጥ ካሜራ፣ በቀለም፣ ግድግዳውን፣ የእሳት ማምለጫ መሰላሉን፣ የበሩን ደረጃ ቀርጸውታል። የልጅ ልጃቸው ዛሬ ከፍቶ «አያቴ እዚህ ነበረች» ማለት ይችላል። ዶሮ ማነቂያን ማን ቀረጸው? የስልክ ቪዲዮና የሰርግ ካሴት ካልሆነ ምን አለን? ስለዚህ የሰርግ ካሴት ያላችሁ አትጣሉ። ሙሽሪት ከበር ስትወጣ ከኋላዋ የሚታየው በር ዛሬ ከሙሽሪት እኩል ዋጋ አለው።

ሊንከን ሴንተር ያፈናቀላቸውን ሰዎች በይፋ ያሰበው መቼ መሰላችሁ? በ2022፣ ያው በርንስታይን የመረቀው አዳራሽ ታድሶ ሲከፈት ነው። ኤቲየን ቻርልስ የተባለ የትሪኒዳድ ተወላጅ ሙዚቀኛ ስለ ሳን ሁዋን ሂል ሙዚቃ እንዲደርስ ተጠይቆ፣ ከኦርኬስትራው ጋር ተጫወተ። ከ1962 እስከ 2022 ልክ 60 ዓመት ነው። ፒያሳ የፈረሰችው በ2016 ዓ.ም. ነው፤ 60 ሲደመርበት 2076 ይመጣል። እስከዚያ ድረስ የዚያ ሰፈር ልጆች ጣት እያስጮሁ ይጠብቁ?