የሕፃኑ ክብደትና የእናቲቱ ሸክም

የአንድ ኅብረተሰብ የኑሮ ደረጃ ከሚለካባቸው መለኪያዎች ውስጥ አንዱና ምናልባትም እጅግ ሐቀኛው ሕፃን በተወለደ ሰዓት የሚመዘንበት ሚዛን ነው። ከ2,500 ግራም በታች ሆኖ የተወለደ ሕፃን ክብደቱ ዝቅተኛ ነው ይባላል። ይህ ሕፃን ወይ 37 ሳምንት ሳይሞላው ያለ ጊዜው የተወለደ ነው፤ ወይም ቀኑን ጠብቆ ቢወለድም በማኅፀን ሳለ በቂ ምግብ ሳይደርሰው የቀረ ነው፤ ወይም ሁለቱም ችግሮች ተደራርበውበታል። ስለሆነም ሚዛኑ የሚናገረው ስለ ሕፃኑ ብቻ ሳይሆን እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት ምን በልታ፣ ምንስ ተሸክማ እንደኖረች ጭምር ነው።

ይህን ሐቅ በተጨባጭ ለመመልከት ወደ ምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች መሄድ ይበቃል። የቦረናዋ ከተማ መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በሳይንትና በለጋምቦ በኩል ከዚህም የሚልቁ ደጋዎች አሉ፤ ወደ ዓባይ የሚወርደው አገር ደግሞ በገደል የተቆራረጠ ነው። በልግ በቀረበት ዓመት የነፍሰ ጡሯ እራት ይቀንሳል፤ የምትሸከመው እንስራና የማገዶ እንጨት ግን አይቀንስም። የከፍታው ስስ አየር ራሱ የሕፃናትን የልደት ክብደት በመጠኑ እንደሚቀንስ በልዩ ልዩ የዓለም ተራራማ አገሮች ተረጋግጧል።

እንዲህ ሆኖ የተወለደ ሕፃን ከማኅፀን እንደወጣ የሚገጥመው ጠላት ብርድ ነው። የጨቅላ ሕፃን ሰውነት ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን ይገባዋል። ትንሹ ሕፃን ግን ከቆዳው ሥር ሙቀት የሚያግድለት በቂ ስብ የለውም፤ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸርም የቆዳው ስፋት ብዙ ነው። በሲኒ የተቀዳ ቡና ጀበናው ውስጥ ከቀረው ቀድሞ እንደሚቀዘቅዝ ሁሉ እርሱም ፈጥኖ ይበርዳል። የበረደው ሕፃን በደሙ ያለችውን ጥቂት ስኳር ሙቀት ለማመንጨት ይጨርሳታል፤ ከዚያም ጡት ለመሳብ አቅም ያጣል፤ ጡት ባለመሳቡም ይበልጥ ይበርዳል። ትንፋሹ ይደክማል፤ ተውሳክም በቀላሉ ያሸንፈዋል። ቤተሰቡ ግን የሚያየው ዝም ብሎ የተኛ ልጅ ነው። እንዲያውም ስለማያለቅስ ጨዋ ልጅ ነው ይባላል።

ሕፃኑን እንደተወለደ ማጠብ፣ ቅቤ ማዋጥ፣ እንገሩን አልቦ መድፋት ይህን አደጋ የሚያባብሱ ልማዶች መሆናቸው አያጠያይቅም። የመጀመሪያው ገላ መታጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት መቆየት ይገባዋል፤ እንገሩም ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል የመጀመሪያው ጋሻው ነው። ይሁን እንጂ አንዳንድ ወገኖች የሞቱን ምክንያት በሙሉ በእናቶች ኋላ ቀር ልማድ ላይ ሲያላክኩ እንሰማለን። ይህ አመለካከት ከሐቁ የራቀ ነው። ቅቤ ያልዋጠውም ትንሽ ሕፃን በብርድ ይሞታልና።

ሌሎች ደግሞ መፍትሔው ሕንፃና መሣሪያ ብቻ ነው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ድርጅት የሚወልዱት እናቶች ከመቶ 26 ነበሩ፤ በ2019 ጥናት ወደ 48 ከፍ ብለዋል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ትልቅ ድርሻ ያለበት፣ ሊናቅ የማይገባው ድል ነው። በአንድ ወር ዕድሜ ውስጥ የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር ግን በ2016 ከሺህ 29፣ በ2019 ከሺህ 33 ሆኖ ተገኘ። እናቶቹ ወደ ጤና ድርጅት መጡ፤ የጨቅላዎቹ ሞት ግን አልተነቃነቀም። በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ በሚገኙ 5 ትላልቅ ሆስፒታሎች በተደረገና በ2019 በታተመ ጥናት እንኳ ያለ ጊዜያቸው ተወልደው ለሕክምና ከተኙት ሕፃናት መካከል ከመቶ 29ኙ ሞተዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ዶክተር ኤድጋር ሬይ የሕፃናት ማሞቂያ ሣጥን ባነሰበት ሆስፒታል ትንንሾቹን ሕፃናት በእናቶቻቸው ባዶ ደረት ላይ አስተኝቶ ማሞቅ ጀመረ። ዘዴው ልጇን በሆዷ ኪስ ከምትይዘው የአውስትራሊያ እንስሳ ስም ተወስዶ የካንጋሮ እንክብካቤ ተባለ። በአገራችንም ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያካሄዱት፣ በ2005 የታተመው ጥናት እንዳሳየው ገላ ለገላ ከተያዙት ሕፃናት ከመቶ 22.5፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት ግን ከመቶ 38 ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛንያ የተደረገው ሰፊ ጥናት ዘዴው ከተወለዱ ወዲያው ሲጀመር ሞትን በሩብ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። በተከታዩ ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲደረግ አሳሰበ።

ማሞቂያ ሣጥን አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ሣጥኑ ይቀዘቅዛል፤ በ2014 ዓ.ም. በደሴ ሆስፒታል እንደታየው በጦርነትም ይዘረፋል። ከመካነ ሰላም በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ የሚላክ ጨቅላም ያን ሁሉ የደጋ መንገድ የሚያልፈው በሣጥን ሳይሆን በሰው እቅፍ ነው። እቅፉ በጋቢ ላይ ይሁን በገላ ላይ፣ ልዩነቱ የሕይወትና የሞት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በቀን 8 ሰዓት ከዚያም በላይ ልጅ በደረት ይዞ መዋል ሥራ ነው። እናቲቱ የምትተኛበት አልጋ፣ የምትበላው እህል ከሌላት በሦስተኛው ቀን ልውጣ ማለቷ አይቀርም፤ ይህን ግዴለሽነት ብሎ መጥራት በደል ነው። አባትም ቢሆን ደረት አለው። ዘዴው የእናት ስም ይያዝ እንጂ የአባት ገላ ሙቀት የሚጎድለው ነገር የለም፤ የወሎ ገበሬም ይህን በማድረጉ የሚያፍርበት ምክንያት አይታየንም።

ባህላችን ለአራስ ዕረፍትን የሚሰጥ መሆኑ መልካም ነው። አራስ ገንፎ ይቀርብላታል፤ ውሃ አትቀዳም። የሚያሳዝነው ይህ ዕረፍት የሚጀምረው ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ፣ ክብደቱ ከተወሰነ በኋላ መሆኑ ነው። በወሎ ቅሬ የሚባለው ማኅበር ሰው ሲሞት ቀባሪ ያሰባስባል፤ ሐዘንተኛውንም ይረዳል። ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት በመጨረሻዎቹ ወራት ውሃውንና እንጨቱን ማን እንደሚያደርስ በዚሁ ቅሬ ስብሰባ ስም ተጠርቶ ቢደለደል፣ እናቲቱ በሆስፒታል ልጇን በደረቷ ይዛ ስትሰነብትም ከብቶቹንና የቀሩትን ልጆች የሚጠብቅ ጎረቤት ቢመደብ፣ ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ በጀት ሳይሆን ዳኛውም ደንቡም ያለው ያው የቆየ ማኅበር ነው እንላለን።